የጠቅላይ ሚኒስትር የማመዛዘን ብቃትና የአካባቢ ምርጫ ቅስቀሳ፦ ከብሪታንያ ልምድ የሚወሰድ ትምህርት

በብሪታንያ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ እንደ ልማድ በሜይ ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ይካሄዳል። ተመራጮቹ የሚወስኑት ስለ ቆሻሻ አሰባሰብ፣ ስለ መንገድ ጥገና፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ነው። ቅስቀሳው ግን ከዓመት ዓመት የሚዞረው በዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 10 በተቀመጡት ሰው ዙሪያ ነው። ተቃዋሚዎች መራጩ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ መልእክት እንዲልክ ይጠይቃሉ፤ በማግሥቱም ጋዜጦች የሚጽፉት ስለ ምክር ቤቶቹ ሳይሆን የአገሪቱ መሪ በወንበራቸው ይሰነብቱ እንደሆነ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የአካባቢ ምርጫ የጠቅላይ ሚኒስትርን የማመዛዘን ብቃት የሚፈትነው በጠፉት ወይም በተገኙት መቀመጫዎች ብዛት አይደለም፤ መሪው ውጤቱን በሚያነቡበት መንገድ ነው። ያለፉት አራት ዐሥርት ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው መሪዎች ውጤቱን ወይ እንደ ጋሻ፣ ወይ እንደ መስታወት፣ ወይ እንደ ሒሳብ ቀመር እየወሰዱ ደጋግመው ተሳስተዋል። የስሕተቱን ዕዳ ቀድመው የከፈሉት ደግሞ የምክር ቤት አባላትና ነዋሪዎች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕከሉ ጥላ

ድምፁ አካባቢውን አልፎ ወደ ማዕከሉ የሚያነጣጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ፓርላማ ዘመን እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል፤ በዚህ መካከል መራጩ ቅሬታውን በድምፁ የሚገልጽበት ሰፊው መድረክ የአካባቢ ምርጫ ነው። በእንግሊዝ የሚገኙ ምክር ቤቶችም አቅማቸው ውስን ነው። ዋናው የራሳቸው ግብር በመኖሪያ ቤት ላይ የሚጣለው የምክር ቤት ግብር ሲሆን፣ ማዕከላዊው መንግሥት ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ለመጨመር ሕዝበ ውሳኔ ማካሄድ ግድ ይላቸዋል። ድጎማው በማዕከል ሲቀነስ አገልግሎቱ በአካባቢ ይሳሳል። ስለዚህ መራጩ ተጠያቂውን ፍለጋ ሽቅብ ማየቱ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ችግሩ በእጁ በያዘው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም አለመኖሩ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ ዱላው የሚያርፈው በውሳኔው እጁ በሌለበት የምክር ቤት አባል ላይ ይሆናል። ለዚህ የ2022 ምርጫ ግልጽ ምሳሌ ነው። ቦሪስ ጆንሰን በኮቪድ የእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት በመንግሥት ሕንፃ በተደረገ ስብሰባ በመገኘታቸው በኤፕሪል 12 ቀን በፖሊስ የገንዘብ ቅጣት ተጣለባቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሜይ 5፣ የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። አንዳንድ የፓርቲው ዕጩዎች ራሳቸውን ከመሪያቸው ለማራቅ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ «የአካባቢው ወግ አጥባቂዎች» በሚል መጠሪያ ቀረቡ። ሆኖም ፓርቲው ወደ 500 የሚጠጉ መቀመጫዎችን አጣ፤ ከ1978 ጀምሮ የያዘውን ዎንድስወርዝንና ከ1964 ጀምሮ የያዘውን ዌስትሚንስተርንም ለሌበር አስረከበ።

ጆንሰን ግን በሥልጣናቸው ቆዩ። በጁን 6 በተካሄደው የፓርቲው የመተማመኛ ድምፅ 211 ለ148 አለፉ። የወደቁት ከአንድ ወር በኋላ፣ በሌላ የማመዛዘን ጥያቄ፣ ማለትም በሹመት አሰጣጣቸው ምክንያት ሚኒስትሮቻቸው በተከታታይ ሥራቸውን ሲለቁ ነው። የምክር ቤት አባላቱ ዋጋውን ከእርሳቸው ሁለት ወር ቀድመው ከፍለው ነበር።

ጋሻ፣ መስታወት፣ ቀመር

ውጤቱን እንደ ጋሻ የመጠቀም ዓይነተኛው ምሳሌ የ1990 ምርጫ ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በእያንዳንዱ ጎልማሳ ላይ በነፍስ ወከፍ የሚጣል ግብር በ1989 በስኮትላንድ፣ በ1990 በእንግሊዝና በዌልስ ሥራ ላይ አዋለ። በማርች 31 ቀን 1990 በትራፋልጋር አደባባይ የተደረገው ተቃውሞ ወደ ሁከት ተለወጠ። በሜይ ወር ፓርቲው በአገር ደረጃ ክፉኛ ቢሸነፍም በዎንድስወርዝና በዌስትሚንስተር አሸነፈ። በዎንድስወርዝ ግብሩ 148 ፓውንድ፣ ማለትም ከአገሪቱ ዝቅተኞቹ አንዱ ነበር። የፓርቲው ሊቀ መንበር ኬኔት ቤከር እነዚህን ሁለት ድሎች ከፊት አሰለፉ፤ የምርጫው ሌሊት ወሬም ስለ አጠቃላዩ ሽንፈት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ሆነ። ዘዴው እንደ ቅስቀሳ ብልኃት ሠርቷል። እንደ ፖለቲካ ንባብ ግን አሳሳች ነበር፤ ሁለት የተለዩ ቦታዎች ግብሩ በሌላው አገር ያስነሳውን ቁጣ ሸፈኑት። ታቸር በኖቬምበር ከሥልጣን ወረዱ፤ ግብሩም በ1993 በምክር ቤት ግብር ተተካ።

ሁለተኛው ስሕተት ውጤቱን እንደ መስታወት መመልከት ነው። ታቸር በ1983ና በ1987 የሜይ ውጤቶችን ካጠኑ በኋላ አገር አቀፍ ምርጫ ጠርተው በጁን ወር ሁለቱንም ጊዜ በሰፊ ልዩነት አሸንፈዋል። ይህ ተሞክሮ በፓርቲው ዘንድ የአካባቢ ውጤት የነገ ምልክት ነው የሚል እምነት አሳደረ። ቴሬዛ ሜይ በ2017 አገር አቀፍ ምርጫ በጠሩ በሦስተኛው ሳምንት ፓርቲያቸው በአካባቢ ምርጫ 563 መቀመጫዎችን ጨመረ። መስታወቱ ያሳየው የማይናወጥ መሪ ነበር። በሜይ 18 የወጣው የፓርቲው የምርጫ ሰነድ የአረጋውያን እንክብካቤ ወጪን በሚመለከት ድንጋጤ ፈጠረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም በአራተኛው ቀን ሐሳቡን ለማሻሻል ተገደዱ። በጁን 8 ፓርቲው 317 መቀመጫ ብቻ ይዞ የፓርላማ አብላጫውን አጣ። ከአንድ ወር በፊት የተገኘው ድል ስለ መሪዋ የማመዛዘን ብቃት የተናገረው ነገር አልነበረም፤ ያ ፈተና ገና አልመጣም ነበርና።

ሦስተኛው ስሕተት የሒሳቡ ነው። በሜይ 2024 የሪሺ ሱናክ ፓርቲ 474 የምክር ቤት መቀመጫዎችን ሲያጣ፣ የአካባቢው ድምፅ ወደ አገር አቀፍ ውጤት ቢመነዘር የትኛውም ፓርቲ አብላጫ አያገኝም የሚል ስሌት ቀረበ። ሱናክ ይህንኑ ስሌት ጠቅሰው ውጊያው እንዳላበቃ ተከራከሩ፤ በሜይ 22ም ምርጫ ጠሩ። በጁላይ 4 ፓርቲያቸው በ121 መቀመጫዎች ሲወሰን ሌበር ከ400 በላይ አገኘ። ስሌቱ መራጩ በሁለቱ ምርጫዎች አንድ ዓይነት ውሳኔ ይሰጣል ብሎ ያስባል። በዚያ ሜይ ግን ስኮትላንድ የአካባቢ ምርጫ አላካሄደችም፤ ሪፎርም ፓርቲም የተወዳደረው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነበር። በጁላይ ፓርቲው በመላ አገሪቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ።

ዘግይቶ የተሰማ ድምፅ

የኪር ስታርመር መንግሥት ታሪክ ከእነዚህ ይለያል። በጁላይ 2024 መንግሥቱ ለጡረተኞች የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ለዝቅተኛ ገቢ ድጋፍ ተቀባዮች ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከተጠቃሚነት ወጡ። በሜይ 1 ቀን 2025 ሪፎርም ፓርቲ 677 የምክር ቤት መቀመጫዎችንና የ10 ምክር ቤቶችን አመራር ያዘ፤ በዚያው ቀን በራንከርንና ሄልስቢ በተደረገው የፓርላማ ማሟያ ምርጫም ሌበርን በ6 ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ስታርመር በሜይ 21 ውሳኔው እንደሚላላ አስታወቁ፤ በጁን ወር የገቢ ጣሪያው በዓመት 35,000 ፓውንድ እንዲሆን ተወሰነ።

እዚህ ላይ ውጤቱ ተነቧል፤ መሪውም ሐሳባቸውን ለውጠዋል። መለወጣቸው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው የተቃውሞው ምክንያት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በግልጽ ሲነገር ቆይቶ ለምን የምክር ቤት ሽንፈት አስፈለገ የሚለው ነው። ድጎማውን የቀነሰ አንድም የአካባቢ ምክር ቤት አልነበረም። ማንቂያው ደወል የተደወለው በሌሎች ወንበር ነው።

የተዋጠው ጥያቄ

የዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዳት በበርሚንግሃም ይታያል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ያላት ይህች ከተማ በሜይ 2022 የምክር ቤቷን አባላት በሙሉ መርጣለች። በዚያ ጊዜ አገራዊው ክርክር በጆንሰን ቅጣት ተይዞ ነበር። ከተማዋ ግን የራሷ ከባድ ጉዳይ ነበራት፦ በሴትና በወንድ ሠራተኞች የእኩል ክፍያ ጥያቄ ለዓመታት የተከማቸ ዕዳ፣ በተጨማሪም በዚያው ኤፕሪል ሥራ የጀመረና ብዙ ችግር ያስከተለ አዲስ የኮምፒውተር የሒሳብ ሥርዓት። ምክር ቤቱን ይመራ የነበረው ሌበር በሥልጣኑ ቀጠለ። በሴፕቴምበር 2023 ምክር ቤቱ ወጪውን መሸፈን እንደማይችል በሕግ በተደነገገው ማስታወቂያ ገለጸ፤ በኤፕሪል 2024 የነዋሪዎች ግብር 9.99 በመቶ ጨመረ። ምርጫው በከተማዋ ሒሳብ ላይ ቢያተኩር ኖሮ ዕዳው ይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ነዋሪው ግን ሊከፍለው ስለተቃረበው ዕዳ ገዥዎቹን በሚገባ የሚጠይቅበት ወቅት በሌላ ጥያቄ ተውጦ አልፏል።

መራጩ መንግሥትን በመካከለኛ ዘመኑ የመቅጣት መብት አለው የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። በሌላ በኩል በ2024 የተወዳደሩት የክልል ከንቲባዎች ታሪክ መራጩ መለየት እንደሚችል ያመለክታል። ፓርቲያቸው በየቦታው ሲሸነፍ ወግ አጥባቂው ቤን ሃውቸን በቲስ ቫሊ አሸነፉ፤ አንዲ ስትሪት በዌስት ሚድላንድስ የተሸነፉት በ1,508 ድምፅ ብቻ ነው። ሰዎች የሚያውቁት ሥልጣንና የሚያውቁት ሥራ ሲኖር ድምፃቸውን በዚያ ይመዝናሉ።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጥሩ ውጤትን እንደ ፈቃድ፣ መጥፎውንም እንደ ተራ የመካከለኛ ዘመን ቅሬታ አድርገው ከመውሰዳቸው በፊት መራጩ የተጠየቀው ምን እንደነበር መመርመር ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ ለምክር ቤቶች የተሻለ የገቢ ሥልጣን እስካልተሰጠ ድረስ ቅስቀሳው ወደ ማዕከሉ ማየቱን አይተውም፤ ስለ አካባቢ ተጠያቂነት የሚሰበክ ስብከትም ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ተመራማሪዎች የአካባቢ ውጤትን ወደ ፓርላማ መቀመጫ በሚመነዝር ስሌት ብቻ ሳይረኩ፣ የእያንዳንዱን ምክር ቤት የሥራ መዝገብ ከድምፁ ጋር ማነጻጸር ይጠበቅባቸዋል። ይህ ጥናት አድካሚና ዝና የማያስገኝ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የበርሚንግሃም ነዋሪ በ2022 ምን እንደመረጠ በትክክል መናገር አይቻልም።