የእድሩ ዳኛ «እሺ» ቢሉም የልጅሽ ደም የእድሩ አይደለም

ጥያቄ፡- የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ጥናት የሚያካሂዱ የጤና ሰዎች ወደ ሰፈራችን መጥተው ከልጆች ደም እንወስዳለን ብለዋል። የእድራችን ዳኛ ስብሰባ ጠርተው «ለአገር የሚጠቅም ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉን። ባለቤቴም «ዳኛው ካሉ አለቀ» ይላል። እምቢ ብል ሰፈርተኛው ያገለኛል፣ ጤና ጣቢያም አያክሙልኝም ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?
የጨነቃት እናት

መልስ፡- እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የዳኛው «እሺ» አጥኚዎቹን ሰፈር ያስገባቸዋል። መርፌውን ወደ ልጅሽ ክንድ የሚያስገባው ፈቃድ ግን የወላጅ ነው። እምቢ በማለትሽ ልጅሽ ሕክምና ልትከለከል አይገባም። እሺ ካልሽ በኋላም ሐሳብሽን ብትቀይሪ መውጣት መብትሽ ነው።

ጥናት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። ልጅሽ የተከተበችውም ክትባት በጥናት የተገኘ ነው። ዝም ብሎ ማመን ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ በፈረንጆች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸው 399 ጥቁር ወንዶች ለጥናት ተይዘው ነበር። «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተባሉ እንጂ እውነቱ አልተነገራቸውም። ነፃ ምግብና የቀብር ወጪ ቃል ተገባላቸው። የምታግባባቸውም የሚያምኗት የአካባቢው ነርስ ነበረች። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱን ነፈጓቸው። አየሽ፣ የቀብር ወጪ የሚችል ሁሉ እድር አይደለም!

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ሁለት ሦስት እናቶች ሆናችሁ ዳኛውን «ጋሼ፣ አጥኚዎቹ ባሉበት እንደገና ይሰብስቡን» በሏቸው። ከዚያ ጠይቁ። ደሙ ለምን ምርመራ ነው? የተረፈውስ የት ይቀመጣል? ልጅ ብትጎዳ ማን ያሳክማል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደበት ደብዳቤ የታለ? ቅሬታችንን ለማን እናቅርብ? ውጤቱንስ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ?

ጥያቄው በአንድ ቀን እንዳይቀር ከሰፈሩ የተመረጡ ሰዎች ጥናቱ እስኪያልቅ ይከታተሉ። ሴቶችም ይኑሩበት፤ የታመመ ልጅ አቅፎ የሚያድረው ማን ሆነና!

ባለቤትሽን ደግሞ ዳኛውን እንደናቅሽ እንዳይመስለው «አብረን እንጠይቅ» በይው። አጥጋቢ መልስ ካገኛችሁ ደስ ብሏችሁ ተሳተፉ። መልስ የሌለው አጥኚ ግን መርፌውን ይዞ ይመለስ።