ስማችንን በዝምታ አትቁረጡ

ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ሥራውን ለሚያሠሯቸው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፍላችሁ ከብስራተ ገብርኤል ነው። ጉዳዬ አንድ ጽሑፍ ዳታቤዝ ላይ ከተመደበለት ቦታ ሲረዝም የምትወስኑት ውሳኔ ነው። ነገሩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ዞሮ ዞሮ ግን ወረዳ ላይ፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ሐኪም ፊት የሚቆመው ነዋሪው ስለሆነ እኛም የምንለው አለን።

ከሰፈሬ ስም ልጀምር። «ብስራተ ገብርኤል» ዘጠኝ ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ለተራው የላቲን ፊደል ግን አንድ ይበቃዋል። ስለዚህ የሰፈሬ ስም 28 ባይት ነው። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የአድራሻውን ዓምድ «20» ብላችሁ ከፈጠራችሁት፣ ሌላ ካላዘዛችሁት በቀር፣ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዚያ ልክ ሲቆረጥ ሙሉ ፊደል ሆኖ የሚተርፈው «ብስራተ ገብ» ይሆናል። ቆረጣው እንዲህ ፊደል መሀል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምናየው በጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ነው።

ኦራክል ራሱ አይቆርጥም። አልቀበልም ይላል፣ ስህተቱንም ያሳያል። የሚቆርጠው ሰው ነው። የርክክብ ቀን ደርሶ ስህተቱ አላሠራ ሲል፣ ትርፉን የምታስቀር አንዲት የኮድ መስመር ትጨመራለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያያትም። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ስሪት 5.7 እስኪወጣ ድረስ፣ ካልከለከሉት በቀር ትርፉን ቆርጦ ማስጠንቀቂያ ብቻ ትቶ ያልፍ ነበር። አሁን እምቢ ይላል። አሮጌው ሲስተም እንዳይቆም ተብሎ ያንን ጥብቅ ቅንብር የሚያጠፉት ግን ብዙዎች ናቸው። ሕሊናችሁን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ያ የስህተት መልእክት ለእኛ የሚጮኽልን ብቸኛው ነገር ነበር፤ እናንተ ዝም አሰኛችሁት።

«ኃይለገብርኤል ወልደማርያም ገብረእግዚአብሔር» ዓይነት ስም ባገራችን እንግዳ አይደለም። በላቲን ፊደል እንደተለመደው ሲጻፍ ከነክፍት ቦታው 39 ይሆናል። የባንክ ካርድ ቺፕ ላይ የተለመደው የባለቤት ስም ቦታ የሚይዘው ቢበዛ 26 ፊደል ነው፤ ከአያቱ ስም የሚገባው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ፓስፖርት ላይ ከታች በማሽን የሚነበበው መስመርም ለስም 39 ቦታ ብቻ አለው፣ የመለያ ምልክቶቹን ጨምሮ። ይሁን እንጂ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስም እንዴት እንደሚያጥር በሰነድ 9303 ደንብ አውጥቶለታል፤ ከላይ በዓይን በሚነበበው ክፍል ደግሞ ስሙ በሙላት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ቦታው በእውነት ጠባብ ሲሆን የምቀበለው እንዲህ ያለውን ማሳጠር ነው። የእናንተ ዳታቤዝ ግን ፕላስቲክ ካርድ አይደለም። «ለፍጥነት ነው» የሚለው ምክንያትም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለምሳሌ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የጽሑፍ ዓምድን ወርድ መገደብ ፍጥነት እንደማይጨምር የራሱ መመሪያ ይናገራል።

ዱሮ የተቆረጠ ስም በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ግን ፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው ስማችን ከባንኩ፣ ከትምህርት ማስረጃውና ከነዋሪነት መዝገቡ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ጎዶሎ ሲሆን ተጠያቂው ባለስሙ ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን እንዲያስረዳ፣ ሲብስም ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔ እንዲያመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ የሥራ ቀን የሚቃጠለውም የሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 32 ጀምሮ ስለ ሰው ስም ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ሕግ እንዲህ የተጠነቀቀለትን ነገር የዓምድ ወርድ ሊሽረው አይገባም።

ከስም ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የአቤቱታና የማስታወሻ ዓምድ ነው። እኛ ስናመለክት ጥያቄውን ፊት ለፊት አናስቀድምም። ማን እንደሆንን፣ ነገሩ ከየት እንደጀመረ፣ የትኛው ቢሮ ምን እንዳለን ተርከን «እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» የምንለው መጨረሻ ላይ ነው። ዓምዱ 500 ፊደል ላይ ሲቆርጥ ታሪካችን ይቀመጣል፣ ልመናችን ይጠፋል። ኃላፊው የሚያነበው ምንም ያልጠየቀ ሰው ደብዳቤ ነው። ግሳችንም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ካሳውን ተቀብያለሁ» እና «ካሳውን አልተቀበልኩም» ሲቆረጡ ሁለቱም «ካሳውን» ይሆናሉ። የሐኪም ማስታወሻ «ፔኒሲሊን ሲወስድ» ላይ ቢቆም፣ ይታመማል ይሁን አይታመምም ተረኛው ሐኪም በምን ያውቃል? እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ነገሩን ቀድሞ ስለሚናገር ጅራቱ ቢጎድል አንባቢው ጥቂት ይይዛል። ወርዱን ከውጭ ናሙና ስትገለብጡ ይህን አስቡልን።

ቆረጣው ሊቀር እንደሚችል ምሳሌ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሃዋይ አንዲት ሴት የቤተሰብ ስሟ መንጃ ፈቃዷ ላይ አልገባ ብሎ ተቆረጠ። አቤት አለች፤ ግዛቱም ሲስተሙን ቀይሮ ለቤተሰብ ስም የሚፈቀደውን ከ35 ወደ 40 ፊደል አሰፋው። አንዲት ሴት ያስለወጠችውን እናንተ ሳንጮኽባችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ በፊደል ቁጠሩ እንጂ በባይት አትቁጠሩ። ሙሉውን አስቀምጡ፤ ማሳጠር ካስፈለገ ለሕትመትና ለካርድ ብቻ ይሁን። አልገባ ካለ እምቢ በሉ፤ ጸሐፊዋ ባለጉዳዩ ፊቷ እያለ ታውቀው። ኃላፊዎችም ይህን በጨረታው ሰነድ ላይ አስገቡት፤ በርክክብ ቀን ደግሞ በእንግሊዝኛ ናሙና ሳይሆን በረጅም የአማርኛ ስምና በረጅም ማመልከቻ ይፈተንላችሁ።

እስካሁን የተቆረጡትም ፈላጊ ይፈልጋሉ። እነሱን ማግኘት አይከብድም። ርዝመታቸው ልክ በዓምዱ ወርድ ላይ የቆሙትን መዝገቦች፣ በባይት ከሆነ ደግሞ ከወርዱ አንድ ወይም ሁለት የጎደሉትን ጭምር ለዩ። ዝርዝሩ በአንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ይወጣል። ከዚያ ስልክ ቁጥራቸው መዝገቡ ላይ አለና ደውሉላቸው፤ ሙሉ ስማቸውን ጠይቃችሁ፣ ፍርድ ቤት ሳትልኳቸው፣ ያለ ክፍያ አስተካክሉላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብስራተ ገብርኤል ነዋሪ