ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ፔዳል

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በሾኔ አንድ ወጣት ቤዝ ጊታር ከያዘ ዓመት ሳይሞላው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ማልቲ ኤፌክት ያስፈልግሃል።» ኪቦርዲስቱ ይነግረዋል፣ ሳውንድ ማኑ ይነግረዋል፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው ጓደኛውም ይደግመዋል። ከዚያ ጆሃንስበርግ ላለው ወንድም ይደወላል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ የወጣ ሰው የሌለበትን ቤተሰብ መፈለግ ያደክማል። በ2008 እና በ2015 እ.ኤ.አ. እዚያ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ በየቤታችን ምን ያህል እንደተለቀሰ እናውቃለን። ያ ወንድም ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ካገኘው ላይ ማልቲ ኤፌክቱን፣ ብዙ ድምፆች የያዘውን ፔዳል፣ ገዝቶ ይልካል። እሑድ ጠዋት ፔዳሉ የቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ ይቀመጣል። የኋላው ወንበር ላይ ያሉት እናት ግን ቤዙን የሚሰሙት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ የቱ ኖታ እንደሆነ አይለይም።

ፔዳል መግዛት ስህተት ነው አልልም። የምቃወመው የምንመርጥበትን ሚዛን ነው። በእኛ ከተሞች ፔዳል የሚመዘነው በውስጡ ባሉት ድምፆች ብዛት ነው። በእኔ ሚዛን ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ጣትህ ያወጣውን ድምፅ አዳራሹ ጫፍ ድረስ ያደርሰዋል ወይ?

ችግሩ ከገመዱ ይጀምራል። ባትሪ የሌለው ቤዝ ጊታር የሚያወጣው ምልክት ደካማ ነው። ከመድረክ እስከ ሚክሰር አሥራ አምስት ሜትር ተራ የጊታር ገመድ ሲዘረጋለት ጥራቱን በመንገድ ላይ ይጥላል፤ በምትኩ የመብራቱን ጉርምርምታ ይለቅማል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ጂ ኖታ ደግሞ 49 ናት። ጉርምርምታው የሚቀመጠው ከዚያች ኖታ ጎን ነው ማለት ነው። ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ የሚሰካበት ቀዳዳም ለኪቦርድ የተሠራ ነው፤ ቤዙ 1 ሚሊዮን ኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ሲፈልግ፣ ያ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ኦም የሚቆጠር ነው። ድምፁ እዚያ ይደበዝዛል። ማልቲ ኤፌክት በመሃል ሲገባ መደብዘዙን ይቀንሰዋል፤ ይህን አልክድም። ገመዱ ያው ተራ ገመድ ከሆነ ግን ጉርምርምታው አይለቅም፤ ዲስቶርሽኑ ሲከፈት እንዲያውም አብሮ ይጎላል።

መድኃኒቱ ዲአይ ቦክስ የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። የቤዙን ምልክት እንደ ማይክራፎን አድርጎ፣ በባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ፣ ጉርምርምታ ሳያስገባ ሚክሰሩ ድረስ ይወስደዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ውስጥ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ዓለም የሰማቸውን የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዞች የቀዳው በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ገብቶ ነው። እግሩ ሥር የሚረገጥ ፔዳል አልነበረውም። የእኛኑ ካነሳን፣ አይቤክስና ሮሃ ባንድ ውስጥ ቤዝ የተጫወተውን ጆቫኒ ሪኮን ሰው የሚያስታውሰው ኖታውን በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።

ታዲያ ፔዳል ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የቤዝ ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በየአዳራሻችን ያለው ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦ ስፒከር ግን ወደዚያ ዝቅታ በወጉ አይወርድም። ጆሮ ኖታውን የሚለየው ከላይ ካሉት አጃቢ ድምፆች፣ ከ82ቱና ከ123ቱ ነው፤ የጎደለውን መሠረት አእምሮ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ለእኛ አዳራሽ የሚጠቅመው ፔዳል ንጹሑን ድምፅ ሳይነካ ከጎኑ ትንሽ ሻካራነት የሚጨምር ነው። ኮረስ የተባለው ኤፌክትና ከባድ ዲስቶርሽን በኢርፎን ሲሰሙ ልብ ይሰርቃሉ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መቶ ሰው እያጨበጨበ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ሲዘምር ግን ቤዙ የሚፈለገው እግር እንዲያስይዝ ነው፤ እነዚያ ድምፆች መሠረቱን ያቀልጡታል።

ይህን ሥራ የሚሠራው ፔዳል ብርቅ አይደለም። ቴክ 21 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ የተባለውን በ1992 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ዋጋው ዛሬ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ቤሪንገር ቢዲአይ 21 የእሱን መንገድ የተከተለ ነው፦ እንደ መጀመሪያው ሞዴል ስድስት ማዞሪያዎች፣ ያው የማይክ ገመድ መውጫ፣ ዋጋው ግን ከ50 ዶላር በታች። «የፕላስቲክ ነው፣ የቻይና ነው» ብለው ይንቁታል። ፕላስቲክ መሆኑ እውነት ነው፤ በጫማ ተረከዝ ከረገጡት ይሰበራል። የሚዘምረው ሰው ግን ሣጥኑን አይሰማም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ለስም ብቻ የሚጨመር 150 ዶላር ዛሬ የስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሆነ ለላኪውም ለተቀባዩም መንገር አያስፈልግም።

«ማልቲ ኤፌክት ቱነር አለው፣ ለልምምድ ይመቻል» የሚሉኝ ትክክል ናቸው። ዙም ቢ1 ፎር የተባለው በአራት ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል፤ መብራት በጠፋ ማታ ኢርፎን ሰክቶ ለሚለማመድ ሰው ከእሱ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም። ለቤት ይገዛ። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የማይክ ገመድ መውጫ ስለሌለው ዲአይ ቦክሱ አሁንም ያስፈልጋል። ቱነር ብቻ ለፈለገ ሰው ጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ርካሹ ይበቃዋል፤ የሚለካው በእንጨቱ ንዝረት ስለሆነ ኳየሩ እየዘመረም ይሠራል። የስልክ አፕሊኬሽን ግን የሚያዳምጠው በማይክራፎኑ ስለሆነ፣ የሰዉን ድምፅ ከክሩ ድምፅ ጋር ያደባልቀዋል።

ከፔዳሉ እኩል የሚያናድደኝ አዳፕተሩ ነው። የመጀመሪያ ፔዳሌን ያቃጠልኩት ከአሜሪካ የመጣን ባለ 120 ቮልት አዳፕተር 220 ላይ ሰክቼ ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ መሰኪያ ይፈልጋሉ፤ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የኪቦርድ አዳፕተር መሰካት ፔዳል ይገድላል። ባለ ሦስት ወፋፍራም እግሩ የደቡብ አፍሪካ መሰኪያ ደግሞ በግድግዳችን አይገባም። ለጉርምርምታው መፍትሔ ብለው የመሰኪያን የመሬት እግር የሚቆርጡም አሉ። ይህ ወንጀል ነው። ጉርምርምታው ይጠፋ ይሆናል፤ በእጁ ክር በከንፈሩ ማይክ የያዘው ልጅ ግን ያለ መከላከያ ይቀራል።

የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዙ ኮሚቴዎችም ከዚህ ትችት አያመልጡም። ቤዙ አልሰማ ባለ ቁጥር ሌላ ሞንታርቦ ይገዛል፣ ድምፁ ይጨመራል፣ የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይይዛሉ። በአንዱ ሞንታርቦ ዋጋ ለመድረኩ ሁሉ የሚበቃ ዲአይ ቦክስና ደህና ገመድ በተገዛ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ቤዙን ለኪቦርዱ ግራ እጅ ሰጥቶታል፤ ሁለት ዓመት የተለማመደው ልጅ ከመድረክ ወርዶ ወንበር ያስተካክላል።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቤዙን ለጓደኛህ አስይዘህ ወደ ኋላው ወንበር ሂድ። ከበሮውም ኪቦርዱም ይጫወቱ። ጓደኛህ ወፍራሙን ክር ክፍቱን ይምታ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ፍሬት፣ ቀጥሎ አምስተኛውን። ሦስቱን ለያይተህ ካልሰማህ፣ ደቡብ አፍሪካ ከመደወልህ በፊት ክሩን ቀይር፣ ገመዱን ቀይር፣ ዲአይ ቦክስ ተውሰህ ደግመህ ስማ።