ቤትስና የደመወዙ ግብር
በቤዝቦል የውድድር ዕረፍት ወቅት የሚነሣው የተጫዋቾች ልውውጥ ክርክር ደጋፊውን የክለቡ ሒሳብ ሹም ያደርገዋል። ቦስተን ሬድ ሶክስ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ሙኪ ቤትስን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሰጥ የሆነው ይኸው ነው። ቤትስ በ2018 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተብሎ ቡድኑን ለዋንጫ ያበቃ፣ ውሉ ሊያልቅ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ የቀረው ተጫዋች ነበር። ልውውጡን የደገፉት፣ በነጻ ከሚሄድ ምትክ ቢመጣበት ይሻላል አሉ፤ በዚያ ዓመት ከ208 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደመወዝ በሚከፍል ቡድን ላይ ይጣል የነበረውንም ግብር በቃላቸው ያዙ። ይህ ግብር የክለቡ ባለቤቶች ጭንቀት ነው፤ ለደጋፊው የሚቆጠርለት ሜዳ ላይ የሚያየው ብቻ ነው። በልውውጡ ከመጡት ሦስት ወጣቶች አንዳቸውም ቤትስን አልተኩም። ዶጀርስ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ለ12 ዓመት በ365 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞት፣ በጥቅምት ዋንጫውን አነሣ።