መድኃኒቱን ጣዪው የምትሉ አገልጋዮች ሆይ

የሚጥል በሽታ ያለባትን እህት «መንፈስ ነው፤ መድኃኒቱን ጣዪው» ሲሏት ከመድረክ እየሰማን ዝም ማለት አንችልም። ጌታ ይፈውሳል፤ ይህን እናምናለን፣ እንሰብካለንም። ነገር ግን እርሱ ራሱ የሠራውን አንጎል ሳያስተውሉ ሁሉን ለአጋንንት መስጠት እምነት አይደለም።

ኮርቴክስ የሚባለው የአንጎላችን ውጫዊ ሽፋን አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ክፍሉ በ6 ንብርብር የተደረደሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የምናየው፣ የምንናገረው፣ የምናቅደው በእርሱ ነው። በጆሮ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የተጠቀለለው፣ ለትዝታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ግን 3 ንብርብር ብቻ አለው። ሕዋሳቱ በረጃጅም ክሮቻቸው የኤሌክትሪክ ምልክት ይላላካሉ። ይህ ቦታ ጠባሳ ሲይዝ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ፣ ያለ ልክ ምልክት ሊለቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰው የሌለ ሽታ ይሸተዋል፣ በድንገት ይፈራል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ አንዳንዴም ወድቆ ይንዘፈዘፋል። ከደቂቃዎች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያቆማል። (እኛ ደግሞ «ወጣ!» ብለን እናጨበጭባለን።)

«ማቴዎስ 17 ላይ ያለው ልጅስ?» ትሉን ይሆናል። እዚያ ጋኔን መሆኑን የለየው ጌታ ነው፤ እናንተ በምን ለያችሁ? ያው ወንጌል በ4፥24 አጋንንት ያደረባቸውንና ጨረቃ ይነሣባቸዋል የተባሉትን የሚጥል በሽታ ሕሙማን ለየብቻ ይዘረዝራል።

ፊኖባርቢታልን በድንገት ማቆም የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ጸልዩላት፣ እጅ ጫኑባት፤ ክኒኑን ግን ከእጇ አትቀሙ።