ዳር ድንበር በጠመንጃ ብቻ አይጠበቅም

ወገን! «ዳር ድንበር» ሲባል ቶሎ ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ወታደርና ምሽግ ነው። ልክ ነው፤ ለዚህች ሀገር አጥንቱን የከሰከሰውን ማንም አይረሳም። ግን ዛሬ ሀገር የሚጎዳው ሁሉ ታንክ ይዞ አይመጣም። አንዳንዱ በካርቶን ታሽጎ፣ ከልባሽ ጨርቅ ሥር ተሸጉጦ፣ በሌሊት በአይሱዙ ይገባል። ክኒን ነው፣ መርፌ ነው፣ ዱቄት ነው።

«ጉምሩክና ፌዴራል ፖሊስ በቅንጅት ባደረጉት ክትትል ተያዘ» የሚል ዜና በየጊዜው ታያላችሁ። ፎቶው ላይ ካርቶን ተደርድሯል፤ ላይክ ተደርጎ ይታለፋል። ዛሬ እዚያች «በቅንጅት» የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ እንቁም። ዋናው ነገር ያለው እሷ ላይ ነው።

አንድ ካርቶን ክኒን ኬላ ላይ ተከፈተ እንበል። የጉምሩክ ሠራተኛው ዲክላራሲዮኑን ያያል፤ ዕቃው ምን ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ከየት እንደተነሳ፣ ክብደቱ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ያውቃል። ክኒኑ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ፖሊሱ መኪናው የማን እንደሆነና ከጀርባው ማን እንዳለ መከታተል ይችላል። እሱም ክኒኑን አያውቀውም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ባለሙያ ደግሞ ማሸጊያውንና የባች ቁጥሩን አይቶ መድኃኒቱ እዚህ ሀገር የተመዘገበ ይሁን አይሁን፣ አስመጪው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ይለያል። እሱ ብቻውን ግን ሌሊት መንገድ ላይ ቆሞ መኪና አያስቆምም። ሦስቱም በየቢሯቸው ከተቀመጡ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ሲሶውን ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነው ካርቶኑ ሙሉ ታሪኩን የሚናገረው።

ትራማዶልን ውሰዱ። የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሐኪም ያዘዋል፣ ፋርማሲ ይሸጠዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ደግሞ ሱስ ያስይዛል፤ በምዕራብ አፍሪካ ስንቱን ወጣት እንዳበላሸ ዓለም ያውቀዋል። ሆኖም እንደ ሄሮይንና እንደ ኮኬይን በተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ የለም። አንዱ ሀገር እንደ ማንኛውም መድኃኒት ያየዋል፣ ሌላው በጥብቅ ይቆጣጠረዋል። ህንድ እንኳ በአደንዛዥ ዕፅ ሕጓ ሥር ያስገባችው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ታዲያ ኬላ ላይ ያለ አንድ ፖሊስ «ይሄ ሕጋዊ ነው፣ ይሄ አይደለም» ብሎ ብቻውን እንዴት ይለየዋል? አጠገቡ ፋርማሲስት ያስፈልገዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። በኮንትሮባንድ የሚገባ መድኃኒት ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ መንገድ ላይ ይበላሻል። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጥ ነው። እሱም ሆነ ኢንሱሊን ክምችት ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። በረሃ ለበረሃ፣ በሸራ ሥር ቀናት የቆየ መርፌ ጠርሙሱ ያው ነው፤ ውስጡ ግን አቅሙን አጥቷል። አዋላጇ «ሰጥቻለሁ» ብላ ትጠብቃለች፣ ደሙ አይቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገራት ከ10 የሕክምና ምርቶች 1ዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ያ አንዱ የማን እናት ጋ ነው የሚደርሰው?

አሁን ካርታውን አስቡት። ከ6 ሀገራት ጋር እንዋሰናለን፤ ድንበራችን ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው በሰው ማጠር አይቻልም፤ የሚያጥረው መረጃ ነው። ጅምሩ አለ። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ጉምሩክንና ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ሲስተም ያገናኛል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላ ደግሞ የእኛንና የኬንያን ሠራተኞች ጎን ለጎን ያሠራል። ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ እንላለን።

ግን ኮንትሮባንዲስት በመስኮት አይገባም፤ በጫካ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቅንጅቱ ኬላው በር ላይ ካበቃ ዋጋ የለውም። ከተማ ውስጥ ሱቅ ላይ የተያዘ ክኒን የባች ቁጥሩ በዚያው ቀን ድንበር ላይ ላለው ሠራተኛ መድረስ አለበት። ድንበር ላይ የተያዘው ደግሞ ለፋርማሲዎችና ለጤና ጣቢያዎች መነገር አለበት፤ ከዚያው ጭነት ቀድሞ ያለፈ ሊኖር ይችላላ!

ሀቁንም እንነጋገር። የኮንትሮባንድ መድኃኒት የሚገዛው ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ፋርማሲ ዞሮ «የለም» የተባለ፣ የአባቱ መድኃኒት ያለቀበት ልጅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ሕጋዊው አስመጪ ይቆማል፣ ደላላው ይተካል። መንግሥት መደርደሪያውን ባዶ ትቶ ኬላውን ብቻ ቢያጠብቅ ዋጋው ይወደዳል እንጂ ዕቃው መግባቱን አያቆምም። የምንዛሪ ጉዳይ የሚመለከተውም አካል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ሊኖረው ይገባል።

እኛም የምንጠይቀው አለን። የካርቶኑን ፎቶ አይተናል፤ ቀጥሎ ምን ሆነ? ሹፌሩ ብቻ ታስሮ የዕቃው ባለቤት ሌላ መኪና ጭኖ ይሆን? ክሱ ፍርድ ቤት ደረሰ ወይ? የተያዘው መድኃኒትስ በማን ፊት ተወገደ? የመሥሪያ ቤቶች ቅንጅት የሚለካው በእነዚህ መልሶች ነው። ኬላ ላይ እጁን የሚዘረጋ ሠራተኛም አለ። አንዱ መሥሪያ ቤት ሌላውን የሚያየው ከሆነ ጉቦው ይከብዳል፤ የጋራ ሥራ አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይሄን ንግድ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ራሳቸው ሻንጣ አይሸከሙም። የሚፈልጉት እንደ እኛ ዓይነቱን ነው፤ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣውን፣ ፓስፖርት አውጥቶ ዕድሉን የሚጠብቀውን። ቦሌ ከላቲን አሜሪካ እስከ እስያ የሚያገናኝ ትልቅ መሸጋገሪያ ነው፤ እነሱም ይሄን ያውቃሉ። «ትኬቱ በእኛ ነው፣ ይቺን ዕቃ ለዘመድ አድርስልኝ» ይሉሃል። ሻምፖ ነው፣ በርበሬ ነው፣ የሕፃን ልብስ ነው። ሻንጣው በስምህ ከተመዘገበ ተጠያቂው አንተ ነህ። እዚህ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ጽኑ እስራት አለው። እንደ ቻይና ባሉ ሀገራት ደግሞ እስከ ሞት ያስቀጣል። ሥራ ማጣት ያማል፣ እናውቀዋለን። ደላላው የሚሸጥልህ ግን ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦ ራሳችሁ ያላሸጋችሁትን ዕቃ ይዛችሁ አትሳፈሩ፤ የጓደኛም ቢሆን። ከሱቅ፣ ከጉልትና ከቴሌግራም መድኃኒት አትግዙ። ከፋርማሲ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ማሸጊያውን፣ ባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ጥርጣሬ ካላችሁ በባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ደውሉ። ድንበር አካባቢ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ከማንም በላይ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ዝም አትበሉ።

ይሄን ጽሑፍ ሰሞኑን ሊበር ለተዘጋጀ ጓደኛችሁ ላኩለት። ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ይድረሰው።