ቁጭ ማለታችንን ተዉልን

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል አጎቴ እዚያው ነበር። ያተረፈው ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጋቢና ነጠላ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ የስንት ዓመት ልፋቱ፣ ዓይኑ እያየ ነደደ።

በማግስቱ ከሰዓት ወደ እኛ ግቢ መጣ። ፊቱን ታጠበ፣ እማዬ የቀዳችለትን ቡና ተቀበለ፣ ከዚያ ከጎረቤታችን ሽማግሌ ጋር ገበጣ ጀመረ። ገበጣ! እኔ ስለ ብድሩ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሰብኩ ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ እሱ ጠጠር ያድላል።

«ጋሼ፣ አሁን ይሄ የጨዋታ ሰዓት ነው?» አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። «ልጄ፣ ዝም ብዬ ካሰብኩ አብዳለሁ። እስቲ ጠጋ በልና ቁጠርልኝ።»

ቆጠርኩለት። ተሸነፈ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ። ከሦስተኛው በኋላ ተነሳና ዕቃ በዱቤ ለሰጡት ሰዎች አንድ በአንድ ደወለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዓይነት ንግግር ጆሮዬ አልቀበል ብሏል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቲክቶክ ስትከፍቱ ሱፍ የለበሰ ወጣት ብቅ ይልና እናንተ ቡና ከብባችሁ ስታወሩ ሌላው ሚሊየነር እየሆነ እንደሆነ ይነግራችኋል። ዳማ የሥራ ፈት ነው። ግቢ ውስጥ መቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው። ተነሱ፣ ሩጡ፣ አትተኙ! እኔም ድሮ ይህን ሼር አደርግ ነበር፤ አልዋሽም።

ዛሬ ግን እከራከራለሁ። ቁጭ ማለት ስንፍና አይደለም። ክፉ ቀንን የምንሻገርበት የቆየ ብልሃት ነው። ይህን ብልሃት የሚያጣጥሉብን ሰዎች ደግሞ በምትኩ የሰጡን ነገር የለም።

መጀመሪያ ነገር፣ መርካቶን ስለ ሥራ ማስተማር ምን ይሉታል? ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ከገፋው ጊዜ ጀምሮ ይህ ሰፈር ሲሸከም፣ ሲጭን፣ ሲያወርድ ነው የኖረው። ምናለሽ ተራ ሂዱና እዩ። ሌላው የጣለው ቆርቆሮ እዚያ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ሰው የሚደክመው ስላልሮጠ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ነጋዴው ጠዋት በሸጠበት ዋጋ ማታ መልሶ መግዛት አቃተው። «ጠንክረህ ሥራ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ምን ይረዳል? ሰውየው ጠንክሮ እየሠራ ነው የደኸየው።

እንዲህ ባለ ጊዜ አእምሮ የሚያዘው፣ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። ገበጣ ይህን ይሰጣል። ከአንዱ ጉድጓድ ታነሳለህ፣ አንድ አንድ እያልክ ታድላለህ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድመህ ማስላት አለብህ። ስታሰላ ስለ ዶላር ማሰብ አትችልም። ስትሸነፍ ደግሞ የምትከስረው ጠጠር ነው። ቤትህም ሱቅህም ባሉበት አሉ። በቁማር አፕ ላይ ደሞዙን አስይዞ ሌሊቱን ሙሉ የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል ጓደኛ ያለው ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ልናጣው እንችላለን። ሰንጠረዥን አስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱት አይቶ ጽፎለታል። ሲጀመር ተራ መጠበቅ የሌለበት ጨዋታ ነበር። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ዛሬ ወረራ የሚያውቅ ሰው ፈልጉና አሳዩኝ። አንድ ትውልድ «ይሄ የድሮ ነው» ብሎ ሲያልፈው ነገሩ እንዲህ ይጠፋል።

ወደ ጓሮው እንምጣ። «ጓሮ» ስል በሳቅ የሚሞት አለ፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ ምን ጓሮ አለ? ልክ ነው፣ የለም። የእማዬ ጓሮ በሩ ሥር የተደረደሩ አምስት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው። አናታቸው ተቆርጧል፣ ሥራቸው በሚስማር ተበስቷል። ሁለቱ ላይ ጎመን፣ አንዱ ላይ ጤና አዳም፣ አንዱ ላይ በሶብላ፣ አንዱ ላይ ዳማከሴ። ይህ ጎመን ቤተሰብ አይመግብም። ግን እሳቱ በተነሳ ማግስት ጠዋት እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከጎመኑ ቅጠል ላይ ጥላሸት በውሃ ማጠብ ነበር። አየኋት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አጎቴ ቤት የሄደችው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የአበባ ቦታቸውን ቆፍረው ድንችና ጎመን ተክለዋል፤ መንግሥታቸውም ይህንኑ ይቀሰቅስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ በር ሲዘጋ ደግሞ የፈረንጁ ዓለም እርሾ ማሳደግ ጀመረ። ዱቄትና ውሃ ቀላቅለው፣ ቀን ቆጥረው፣ ፎቶ አንስተው ለጠፉ። ቪዲዮውን ለእማዬ ሳሳያት «እና እኛ እስከ ዛሬ ምን ስንሠራ ነበር?» አለችኝ። የሊጡን ዕቃ እየጠረገች ነበር።

ቆይ፣ በሌላው ወገን ያሉትንም አልምርም። ዕረፍትን ዕቃ አድርገው የሚሸጡልን አሉ። ሻማ ግዛ፣ ዘይት ተቀባ፣ ብቻህን ሁን፣ ራስህን ውደድ ይላሉ። ይሄም የእኛ መንገድ አይደለም። አጎቴን ያዳነው ብቻውን መሆኑ አልነበረም። ሽማግሌው ተጋጣሚው፣ ስኒ ይዛ የመጣችው ጎረቤት፣ «እግዜር ያጥናህ» ለማለት በር ላይ የቆመው ሁሉ ናቸው ያዳኑት። ግቢያችን ውስጥ ራጉኤል የምትሳለምም አንዋር መስጊድ የሚሰግድም አለ፤ ያን ቀን ሁሉም ከአንድ ጀበና ነው የጠጣው።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልንካ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለእህቴ አነበብኩላት። «ቡና ያሳርፋል» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀች።

«ማንን?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ያን ቀን እኛ ስንጽናና ከሰሉን ያያያዘችው፣ የቆላችው፣ የወቀጠችው፣ ስኒውን ሦስቴ ያጠበችው እሷ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ስለ ድሮው ደግ ጊዜ የምንጽፍ ወንዶች ይህን እንዘላለን። የቤት ምቾት ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት፣ ቆማ ትሠራዋለች። ስለዚህ «ቁጭ ማለታችንን ተዉልን» የሚል ወንድ መጀመሪያ ተነስቶ ጀበናውን ይጣድ። ይህን ካላደረገ ክርክሩን ተሸንፏል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ቦታ ነው። ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው። የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት ይናፍቀኛል የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የተሻለ ቤት ይገባናል። ግን አክስቴ ኮንዶሚኒየም ከደረሳት በኋላ ስሄድ የማየው አንድ ነገር አለ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሰው የሚገናኝበት ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት ለመጋዘን ተከራይቷል። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሰል አይያያዝም። ጀሪካኖቹ በረንዳ ላይ ለሁለት ብቻ ቦታ አላቸው። እሷም «ቤቱ ጥሩ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ በታክሲ መርካቶ ትመጣለች፣ እኛ ግቢ ለመቀመጥ።

ለሚያቅዱት ሰዎች የምለው ይሄ ነው። ካሬ ሜትር ስትቆጥሩ፣ አራት ሰው በርጩማ ይዞ የሚቀመጥበትን ጥላም ቁጠሩ። ሰው ሱቁ ሲቃጠል፣ ዘመድ ሲሞትበት፣ ብሩ ሲረክስ የሚሄድበት ቦታ እሱ ነው። ሕንፃው ሲያልቅ የሚጨመር ማስዋቢያ አይደለም።

አጎቴ አሁን ከአንድ ወዳጁ ሱቅ ግማሽ መደርደሪያ ተቀብሎ ይሸጣል። ዕዳው አላለቀም። እሁድ እሁድ ከሰዓት ግን ይመጣል። ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው፤ ሁለት ጊዜ አሳርሬዋለሁ፣ ማንም አልሞተም። እህቴ በእኔ ቦታ ገበጣው ላይ ተቀምጣለች። ጋሼን ታሸንፈዋለች፣ እሱም «አጭበረበርሽ» እያለ እንደገና ያስቆጥራል።